መጥኖ መነሣት
በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ለሚሄድ መሐንዲስ የገንዘብ ዕቅድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ ስለ ውጭ አገር ትምህርት አንድ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ተማርሁት ሙያ ለመናገር ነበር። ነገር ግን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚነሡ ወጣት መሐንዲሶች ወደ ቢሮዬ እየመጡ የሚጠይቁኝን ሳስታውስ፣ ስለ አፈር ጠባይ ወይም ስለ ውሃ ፍሰት የጠየቀኝ አንድም ሰው እንደሌለ ተገነዘብሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ገንዘብ ነው። ጥያቄውም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ «በዓመት ስንት ይበቃል?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ጥያቄ ጎደሎ መሆኑን ማሳየትና በቦታው ሊተካ የሚገባውን ጥያቄ ማቅረብ ነው።

በሥራችን ሁላችንም ያየነው ነገር አለ። አንድ ተቋራጭ ውሉን ሲፈርም ትርፍ አለው፤ የዋጋ ዝርዝሩም በሚገባ ተደምሯል። ሆኖም ክፍያው ሁለት ወር ሲዘገይ የሲሚንቶና የብረት መግዣ ያጣል፤ ሠራተኛው ይበተናል፤ ሥራው ይቆማል። ይህን ተቋራጭ የጣለው የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ሳይሆን ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ነው። ውጭ አገር ሄዶ የሚማር ሰውም የሚወድቀው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «በዓመት ስንት ይበቃል?» ሳይሆን «በየትኛው ወር፣ ስንት ይጎድለኛል?» የሚለው ነው።

ሀ. በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ

አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገር ተማሪን ከተቀበለ በኋላ አይ 20 የተባለውን ቅጽ ከመስጠቱ በፊት ተማሪው ወጪውን የሚሸፍንበትን ገንዘብ በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠይቃል። በቅጹ ላይ የትምህርት ክፍያው፣ የኑሮው ወጪና የገንዘቡ ምንጭ በግምት ይሰፍራል። ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ኤምባሲ ለቪዛ ይቀርባል። ይህ ቅጽ የአንድን ዓመት ድምር የሚያሳይ እንጂ ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግ የሚናገር አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ቅጹ ከጸደቀ ዕቅዱም የጸደቀ ይመስለናል።

ከዚህ የከፋም አለ። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የሄደ አንድ ባልደረባችን ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። አጎቱ ዋስ ሆነው የባንክ ማስረጃ አቀረቡለት። በሂሳቡ ውስጥ የታየው ገንዘብ ግን ከነጋዴዎች ለዐሥር ቀን ተበድረው ያስገቡት ነበር፤ ደብዳቤው እንደ ተጻፈ ገንዘቡ ወጣ። ባልደረባችን የመጀመሪያውን መንፈቅ በያዘው ጥቂት ገንዘብ ተወጣው። በሁለተኛው መንፈቅ ግን ያልተከፈለ ሂሳብ ስላለበት ምዝገባው ታገደ። ካልተመዘገበ ደግሞ የተማሪነት መብቱ ይቋረጣል። ወደ አገሩ የተመለሰው የጀመረውን ዲግሪ ሳይሆን የብር ዕዳና የአጎቱን ሐዘን ይዞ ነው።

ይህን የምናገረው በእርሱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ይህ ልማድ በመካከላችን እንደ ብልሃት የሚቆጠር ስለሆነ ነው። የተጭበረበረ ማስረጃ ማቅረብ በሕግ በኩል የሚያስከትለው ቅጣት እንዳለ ሆኖ፣ የበለጠው ጉዳት ሌላ ነው። ሁለት መዝገብ የሚይዝ ተቋራጭ ውሎ አድሮ ራሱም የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ይጠፋዋል። ለቆንስሉ ብለን የሠራነው ሂሳብ ለራሳችን የምንሠራውን ሂሳብ ያስቀርብናል። እኔም ብሆን የሐሰት ማስረጃ ባላቀርብም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሳልቆጥር ከመነሣቴ የተነሣ ምን ያህል እንደ ተቸገርሁ ቀጥዬ በማቀርበው ስሌት ትረዱታላችሁ።

ለ. አንድ ስሌት

የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ከከተማ ከተማ ይለያያሉ። አካሄዳቸው ግን ከእኔ ሁኔታ ብዙም የራቀ አይደለም።

ተማሪው የምርምር ረዳት ሆኖ ተቀጥሯል እንበል። የትምህርት ክፍያው ተነሥቶለታል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ለ9 ወር፣ በየወሩ መጨረሻ፣ ግብር ተቀንሶ 1,850 ዶላር ይከፈለዋል። ከአገሩ 3,000 ዶላር ይዞ ሄዷል። የቤት ኪራዩ 700፣ ምግቡ 350፣ መጓጓዣና ስልኩ 120፣ ልዩ ልዩ ወጪው 130፣ በድምሩ በወር 1,300 ዶላር ያወጣል። የረዳትነቱ ሥራ የማይሸፍናቸው የዩኒቨርሲቲ ልዩ ልዩ ክፍያዎችና የጤና መድን በየመንፈቁ 1,400 ዶላር ናቸው። ሲደርስ ለቤቱ መያዣ 700፣ ለመኝታ ዕቃ፣ ለድስትና ለብርድ ልብስ 400 ዶላር ይከፍላል።

የዓመቱ ገቢ 19,650 ዶላር፣ ወጪው 19,500 ዶላር ነው። 150 ዶላር ይተርፋል። «በዓመት ስንት ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የያዝኸው ይበቃል» ነው።

አሁን ይህንኑ ሂሳብ በወር በወሩ እንዘርዝረው። በነሐሴ መጀመሪያ የደረሰው ተማሪ በወሩ ውስጥ 2,400 ዶላር ያወጣል፤ በእጁ 600 ይቀራል። በመስከረም የኑሮው 1,300 እና የመንፈቁ 1,400 ሲደመሩ 2,700 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ደመወዝ ከመድረሱ በፊት 2,100 ዶላር ጎደለው ማለት ነው። ደመወዙ ሲገባ ጉድለቱ ወደ 250 ይወርዳል፤ በጥቅምት መጨረሻ 300 ዶላር ይተርፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝ ባለበትና የመንፈቅ ክፍያ በሌለበት ወር ሁሉ 550 ያጠራቅማል። ዓመቱ ሙሉ ደኅና የሆነለት ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሰጥሞ ነበር።

እኛ ድልድይ የምንሠራው ለዓመቱ አማካይ ውሃ ሳይሆን ለክረምቱ ሙላት ነው። የገንዘብ ዕቅድም የሚሠራው ለዓመቱ ድምር ሳይሆን ለዝቅተኛው ወር ነው። በዚህ ምሳሌ መያዝ የነበረበት 3,000 ሳይሆን ቢያንስ 5,100 ዶላር ነበር።

እኔ ይህን ሳላውቅ በመሄዴ የመጀመሪያውን መስከረም ያሳለፍሁት በአንድ የአገሬ ሰው ቤት ሳሎን ላይ እየተኛሁ ነው። ደመወዜም በታሰበው ቀን አልደረሰም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠየቀው አገሩ ከገቡና የሥራ ማረጋገጫ ከተገኘ በኋላ ስለሆነ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ጊዜ ወሰደ። ያ ሰው በሩን ባይከፍትልኝ ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ አላወራም ነበር። ዕቅድ ግን በሰው ደግነት ላይ አይመሠረትም።

ጉድለቱን ለማቅለል የሚረዱ መንገዶች አሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመንፈቁን ሂሳብ ከፋፍሎ ለመክፈል ይፈቅዳሉ። ያ 1,400 ዶላር በአራት ወር ቢከፋፈል የመስከረሙ ጉድለት ከ2,100 ወደ 1,050 ዶላር ይወርዳል። ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ገደል ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ይኸውም የእነርሱ የበጋ ዕረፍት ነው። በምሳሌአችን ተማሪው ሐምሌን ሲጨርስ 150 ዶላር ብቻ አለው። የነሐሴው ወጪና የመስከረሙ ክፍያ ሲመጡ ከመስከረም ደመወዝ በፊት 3,850 ዶላር ይጎድለዋል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴም ደመወዝ ቢኖረው ግን በዚያው ቀን 1,700 ዶላር በእጁ ይኖር ነበር። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የወሩን ደመወዝ ከማየታችሁ በፊት «ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12 ወር?» ብላችሁ ጠይቁ። ደመወዙ ከፍ ብሎ ለ9 ወር ከሆነ፣ ዝቅ ብሎ ለ12 ወር ከሚሆነው ሊያንስ ይችላል። ብዙ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ቅበላ ለመቀበል እስከ ኤፕሪል 15 ጊዜ ለመስጠት የተስማሙ ስለሆነ፣ ለመጠየቅና ለማነጻጸር ጊዜ አለ።

ሐ. የሚቆጠርና የማይቆጠር ገቢ

ገቢን በሦስት መክፈል ይገባል።

የመጀመሪያው በጽሑፍ የተረጋገጠ ነው፤ የረዳትነት ሥራ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል፣ የመሥሪያ ቤት ድጋፍ የመሳሰለው። ይህ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሊገኝም ላይገኝም የሚችል ነው። የኤፍ 1 ቪዛ ያለው ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ሊሠራ ይችላል፤ በዕረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት ይፈቀድለታል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው፤ ብዙ ግዛቶች ከዚህ በላይ ይከፍላሉ። በዝቅተኛው ቢሰላ 20 ሰዓት በሳምንት 145 ዶላር፣ በ15 ሳምንት መንፈቅ 2,175 ዶላር ይሆናል። ይህ ለምግብ ይረዳል እንጂ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። «እየሠራሁ እማራለሁ» የሚለው የአባቶቻችን ጥሩ ቃል በዚህ ሕግ ውስጥ አይሠራም። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራትም የተማሪነት መብትን ያስቀጣል።

ሦስተኛው ከምረቃ በኋላ የሚታሰበው ነው። ተመራቂው በሙያው ለ12 ወር የተግባር ልምምድ ሥራ ለመሥራት ሊፈቀድለት ይችላል፤ በምህንድስናና በመሳሰሉት ሙያዎች ላይ ተጨማሪ 24 ወር አለ። ይህ መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን ዛሬ የምንበደረውን ዕዳ በዚያ ደመወዝ እንከፍላለን ብሎ መነሣት በሌላ ሰው መሬት ላይ መሠረት እንደ መቆፈር ነው።

ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሱ አደራ እላለሁ። የኤፍ 1 ተማሪ ሚስት ወይም ባል በኤፍ 2 ቪዛ ሲገቡ መሥራት አይፈቀድላቸውም። በአንድ ደመወዝ ሁለትና ሦስት ሰው ሊኖር ነው ማለት ነው። በጄ 1 ቪዛ የሄደ ሰው ባለቤት ግን የሥራ ፈቃድ ለማመልከት ትችላለች። በአንጻሩ እንደ ፉልብራይት ባለ በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጥ ዕድል በጄ 1 የሄደ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ሁለት ዓመት በአገሩ የመቆየት ግዴታ አለበት።

መ. ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው

የኤፍ 1 ተማሪ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለግብር ጉዳይ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ከዚህም ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጠው 7.65 ከመቶ አይመለከተውም። ከ2,000 ዶላር ደመወዝ ላይ ይህ 153 ዶላር ነው። በስሕተት ተቆርጦ ከተገኘ ከቀጣሪው መልሶ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት መስመር በመስመር ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለነዋሪዎች የሚፈቀደው መደበኛ የግብር ቅናሽ ለእርሱ አይፈቀድም። የአንዳንድ አገሮች ተማሪዎች በስምምነት ልዩ አስተያየት ያገኛሉ፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ግን የገቢ ግብር ስምምነት የለም። ስለዚህ የሕንድ ጓደኛችሁ የሚከፍለውን ግብር አይታችሁ የራሳችሁን አታስሉ። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ገንዘብ ግብር የለበትም፤ ለመኖሪያና ለምግብ የሚሰጠው ግን ግብር አለበት፤ ብዙውን ጊዜም 14 ከመቶ አስቀድሞ ይያዝበታል።

ሦስተኛ፣ ገቢ የሌለውም ተማሪ ቢሆን ፎርም 8843 የተባለውን በየዓመቱ መሙላት አለበት። ደመወዝ ያለው የግብር መግለጫውን እስከ ኤፕሪል 15 ያቀርባል።

ስለ ጤና መድን ባጭሩ ልናገር። መድን መግባት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ ነው፤ ግን መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚከፍለው መጠን አለ። ጥርስና መነጽር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይካተቱም። ከመነሣታችሁ በፊት ጥርሳችሁን አሳክሙ፤ ሁለት መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ የተረፈኝን ገንዘብ ያህል ያተረፈልኝ ግን እርሱ ነው።

ሠ. የብርና የቤተሰብ ነገር

ብዙዎቻችን የምንሄደው ቤተሰብ «በብር እንረዳሃለን» ብሎ ቃል ገብቶልን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። 300,000 ብር በመጀመሪያው ተመን 5,200 ዶላር ያህል ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 3,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ማንም ቃሉን አላጠፈም፤ ገንዘቡ ግን በመንገድ ላይ ጎደለ። ከመነሣታችሁ በፊት በሕጋዊ መንገድ ወደ ዶላር ያልተለወጠ ብርን በዕቅዳችሁ ውስጥ እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ገቢ አትቁጠሩት።

ጭነቱ ደግሞ በሌላውም አቅጣጫ ይመጣል። ልጁ አሜሪካ የሄደ ቤተሰብ ተማሪውን እንደ ሠራተኛ ይቆጥረዋል። የእናት መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድም ክፍያ፣ የዘመድ ለቅሶ አለ። «አልችልም» ማለት ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ይቀላልም ብዬ አልመክርም። የምመክረው ይህ ወጪ በስውር ከምግብ ላይ የሚቀነስ ከሚሆን ይልቅ በዕቅዱ ውስጥ በግልጽ አንድ መስመር እንዲሆንና ለቤተሰቡም ከመነሣት በፊት እንዲነገር ነው። «በወር 50 ዶላር እልካለሁ፤ በመስከረምና በበጋው ዕረፍት ግን አልችልም» ብሎ የተናገረ ሰው አይታማም። እኔ ይህን ለአባቴ ባለመናገሬ የመጀመሪያውን ደመወዜን ሲጠብቁ አሳዘንኋቸው። በነገራችን ላይ ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 ከመቶ ቀረጥ ተጥሏል፤ ከባንክ ሂሳብ ለሚላክ ግን ቀረጡ የለም።

ጉዞውም ራሱ ወጪ አለው። የኤፍ 1 አመልካች ለተማሪዎች መመዝገቢያ የሚከፍለው በ2019 እ.ኤ.አ. 350 ዶላር፣ የቪዛው ማመልከቻ በ2023 እ.ኤ.አ. 185 ዶላር ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም የማመልከቻው ገንዘብ አይመለስም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን መወሰኑ ተነግሯል። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ጊዜ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ወደ አገር መመለስ ከቲኬቱ ሌላ አዲስ ማመልከቻና የቀጠሮ ጥበቃ ያስከትላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የጊዜውን ደንብ አረጋግጡ፤ የአንድ ደርሶ መልስ ቲኬት ዋጋም የማይነካ መጠባበቂያ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ረ. ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

እናቶቻችን የሚመጥኑት ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው። እኛ በሙያችን መመጠንን እየኖርንበት፣ ለራሳችን ጉዞ ሲሆን ግን በግምትና በወሬ እንነሣለን። ስለዚህ ሁለት ሐሳቦችን አቅርቤ ንግግሬን እደመድማለሁ።

አንደኛው፣ ተምረን የተመለስንና በዚያም ያለን አባላት እያንዳንዳችን የመጀመሪያውን ዓመት ገቢና ወጪ በወር በወሩ በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ስማችንን ሳንጠቅስ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድንሰጥ ነው። ሠላሳ እንዲህ ያለ ገጽ ቢሰበሰብ ለሚነሣው ወጣት ከማንኛውም ወሬ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የእኔን ገጽ ጉድለቱ ሳይደበቅ ዛሬ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ።

ሁለተኛው፣ እንደ ዕቁብ በየወሩ ከምናዋጣው ትንሽ ገንዘብ አንድ ተዘዋዋሪ የብድር ሣጥን እንድናቋቁም ነው። ሣጥኑ የማንንም የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። የሚያበድረው ለዚያች ለመጀመሪያዋ መስከረም ብቻ፣ የወር በወር ስሌቱን ሠርቶ ላቀረበና ደመወዙ በጽሑፍ ለተረጋገጠለት አባል ነው። በምሳሌአችን ያየነው ተማሪ 2,100 ዶላሩን ዓመቱ ሳያልቅ መመለስ ይችል ነበር። እርሱን ያቃተው የሁለት ወር ጊዜ ብቻ ነው።

ያ ባልደረባችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። በሒሳብ ችሎታ ከእኔ ያንስ አልነበረም። በእኔና በእርሱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ የተከፈተ በርና አንድ እውነተኛ ወረቀት ነበር። ቀጥሎ የሚነሣው ወጣት እነዚህን ሁለቱን ከዕድል ሳይሆን ከዚህ ማኅበር እንዲያገኝ ምኞቴ ነው።